ፈቃዴ የታገደ ሰሞን

ከስሜ በላይ የሰፈረው ስም የሞተ ሰው ስም ነበር። ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ «የዓመታዊ እድሳት ክፍያ ባለመፈጸማቸው የጥብቅና ፈቃዳቸው የታገደ ጠበቆች» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስድስተኛው ተራ ላይ ያለው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አምና ስንቀብረው የሕይወት ታሪኩን እኔው ራሴ ያነበብኩለት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሰባተኛው እኔ ነኝ። እሱ በቂ ምክንያት አለው። እኔ ግን በዚያ ሰኞ ጠዋት ቁርሴን በልቼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ በሁለት እግሬ ነበር የመጣሁት።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ያለ መነጽር፣ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ደግሞ መነጽሬን በከረባቴ ጠርጌ። ስሙ የእኔ ነው። የአባቴም ስም ልክ ነው። የአያቴን ስም አንድ ፊደል ገድፈውታል፤ ያቺን ፊደል ይዤ «ይህ ሰው እኔ አይደለሁም» ብዬ ለመከራከር ለአፍታ ቃጥቶኝ ነበር። የጠበቃ ነገር እንዲህ ነው፤ ቤቱ እየተቃጠለ የእሳቱን ፊደል ያርማል።

ወደ ሰሌዳው የላከችኝ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወይዘሮ ዘውዴ ናት። ለሐሙስ የተቀጠረውን መዝገብ እንድታወጣልኝ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ ቁልፏን ስታገላብጥ ቆየችና፣ ዛሬ መዝገብ ልትሰጠኝ እንደማትችል፣ ምክንያቱንም ከእሷ አፍ ከምሰማው ወጣ ብዬ ባነበው እንደሚሻለኝ ነገረችኝ። ስመለስ ቀና ብላ አላየችኝም። አስከሬን የሚያወጡ ሰዎች ሲያልፉ እንደሚደረገው፣ ለመሄጃዬ መንገድ ለቀቀችልኝ።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ይሻላችኋል። እኔ በደብረ ታቦር የታወቅሁት በቀን ቆጠራ ነው። ሌላው ጠበቃ በምላሱ ይኖራል፤ እኔ የኖርኩት በቀን መቁጠሪያ ነው። ስንቱን ባለጋራ በይርጋ ረታሁት፤ ስንቱን «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፣ ጊዜው በሁለት ቀን አልፏል» እያልኩ ከደጅ መለስኩት። አንድ ጊዜ እንዲያውም መልሱን ያዘገየው ሚስቱ ወልዳበት ነው የተባለ ሰው ነበር። ሕፃኑ ሕጉን አያውቅም፣ አባትየው ግን ሊያውቅ ይገባል ብዬ ተከራክሬ አሸንፌያለሁ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዓመታዊ ክፍያውን ሳይከፍል አሥር ወር የከረመው።

ገንዘቡ ቢያስቸግረኝ ኖሮ አንድ ነገር ነው። ገንዘቡ ነበረኝ። «ባሕር ዳር ለሌላ ጉዳይ ስሄድ በዚያው እጨርሰዋለሁ» እያልኩ ነው። ባሕር ዳርም ሄጃለሁ፤ አንዴ ለሠርግ፣ አንዴ ዓሣ አምሮኝ። ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም ብዬ ልሟገት ቢሮዬ ገብቼ በሬን ዘጋሁና ወረቀቶቼን ማገላበጥ ጀመርኩ። ከመደርደሪያው ላይ የለም። ከመሳቢያው የለም። መጨረሻ ላይ፣ ሲወዛወዝ የሚያስቸግረኝን የጠረጴዛዬን እግር ለማስተካከል ከሥሩ አጥፌ ያስገባሁት ፖስታ ትዝ አለኝ። ተንበርክኬ ጠረጴዛውን በትከሻዬ አንሥቼ ሳወጣው ማኅተሙ እንኳ አልተከፈተም። «ለመጨረሻ ጊዜ» ይላል። ጠረጴዛው ስድስት ወር ሙሉ ቀጥ ብሎ የቆመው በእኔ ማስጠንቀቂያ ነው።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያስጨነቀኝ የስሜ ነገር ብቻ አልነበረም። ሐሙስ የእማማ ዳሳሽ ቀጠሮ ነው።

እማማ ዳሳሽ ከጉና ተራራ ሥር፣ ከገሳይ ከተማ በላይ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ካለ መንደር የመጡ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ አንዲት የገብስ መሬት ቀረቻቸው። የባላቸው የወንድም ልጅ፣ አደራው የሚባል ጎልማሳ፣ በእኩል ሊያርስላቸው ተስማማ። ከዚያ አንድ ቀን ለማዳበሪያ ስምዎን ላስመዝግብ ነው ብሎ ወረቀት አምጥቶ አውራ ጣታቸውን አስደረጋቸው። ወረቀቱ ግን ሲነበብ «ስለሚጦረኝ መሬቴን ሰጥቼዋለሁ» ይላል። ያን ዓመት ምርቱን ሙሉ ወሰደ። እማማም ከሰሱት።

መጀመሪያ ቢሮዬ የመጡ ዕለት፣ ጥያቄዬን ሁሉ ጠይቄ ስጨርስ አንድ ነገር በኃይል ተናግሬያቸዋለሁ። ሳያስነብቡ እንዴት ይፈርማሉ፣ ሰው እንዴት የማያውቀው ወረቀት ላይ ጣቱን ያሳርፋል ብዬ እንደ ተማሪ ገሠጽኳቸው። ስናገር አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ቀኝ ጆሯቸውን ስለሚሰጡኝ፣ ግራው አይሰማም ብዬ ደመደምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ በቀኝ ጆሯቸው በኩል እየጮኽኩ ነው የማማክራቸው። የቢሮዬ ጎረቤት የሆነው ልብስ ሰፊ የመዝገቡን ፍሬ ነገር ከእኔ እኩል ያውቀዋል።

ቀጠሮው እንዳይራዘም የሚያስፈራው የዘር ጊዜው ነው። ወሩ ግንቦት ነው፤ ሰኔ ሲገባ አደራው ጥማዱን ይዞ ይገባና ይዘራል። ከተዘራ በኋላ «አዝመራው እስኪሰበሰብ» ይባላል፤ እንደገና ዓመት ያልፋል። እማማ ደግሞ የሚያልፍ ዓመት ብዙ የተረፋቸው ሰው አይደሉም።

ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያ ነበርኩ። ባለቤቴ በላይነሽ መምህርት ናት፤ ስወጣ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ስታገኝ አትከራከር፣ ጥፋቱ ያንተ ነው አለችኝ። ከወረታ ወዲያ ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንቀላፋ። እኔ ከነገ ወዲያ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ በአፌ እንዳላመጥኩት አልቆጠርኩም።

ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ስደርስ መስኮቱ ላይ የነበረችው ኃላፊ ወጣት ናት፤ ልጄ ልትሆን ምንም አይቀራት። በትሕትና ነገረችኝ። ውዝፉን ከነመቀጫው ባንክ አስገብቼ ደረሰኝ አመጣለሁ፤ እገዳው እንዲነሣልኝም ምክንያቴን የሚገልጽ ማመልከቻ አቀርባለሁ። ይኸው ነው። ልቤ ተመለሰ። ባንክ ስደርስ ግን ሲስተም የለም ተባለ። መቼ ይመጣል ብዬ ብጠይቅ ጥበቃው፣ እንደ ዝናብ ነው ጌታዬ፣ ደመናው ቢታይም መዝነቡ አይታወቅም አለኝ። ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ስምንት አለፈ። ዘጠኝም አልፎ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሲስተሙ መጣ፤ ከፈልኩ፤ ደረሰኜን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ጠበል እያየሁ ወጣሁ።

የቀረው ማመልከቻው ነው። ይህ ለእኔ ምኑ ያስቸግራል ትላላችሁ። ባንኩ ውስጥ ስጠብቅ አራት ጊዜ ጀምሬው አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው «ደንበኛዬ በቸልተኝነት ሳይሆን» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛውም «ደንበኛዬ» አለ። ሃያ ዓመት ለሌላ ሰው ሲለምን የኖረ እጅ «እኔ» የምትለዋን ቃል መጻፍ እምቢ አለኝ። «እኔ አጥፍቻለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር በሕይወቴ ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ ለደንበኞቼም እንዳይጽፉ ነው የምመክረው።

ሰዓቱ ሲያጣድፈኝ ከቢሮው አጥር ውጭ፣ ዋርካ ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ወደተቀመጡ አንድ ራፖር ጸሐፊ ሽማግሌ ሮጥኩ። ጉዳዬን ጠየቁኝ። የሥራ ፈቃድ ነው አልኳቸው ድምፄን ቀንሼ። የምን ሥራ እንደሆነ ሲጠይቁኝ አላፊ አግዳሚውን ዞር ብዬ አየሁና ዝም አልኩ። ሽማግሌው ብዙ ዓይነት ሰው አይተዋል መሰለኝ፣ አልጨቀጨቁኝም። ብዕራቸውን አንሥተው ወረቀቱን በአንድ ትንፋሽ ሞሉት። ቢሮው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። እዚህ ላይ ይፈርሙ አሉኝ። ፈረምኩ። ገንዘባቸውን ሰጥቼ ሮጥኩ።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። «እኔ አመልካች አቅመ ደካማ፣ የብዙ ቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ ማንበብና መጻፍ የማልችል፣ ምንም ዓይነት የሕግ እውቀት የሌለኝ ምስኪን በመሆኔ» ስትል ቆመች። ማኅደሬን አየች። እኔን አየች። እንደገና ማኅደሬን አየች።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?» አለችኝ።

«የእኔ ነው።»

«አንብበው ነው የፈረሙት?»

ምን ልበላት። ዓይኔ ላይ ድቅን ያሉት እማማ ዳሳሽ ናቸው፤ ቢሮዬ ወንበር ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ስገሥጻቸው። እሳቸው እንኳ ፊደል ስላልቆጠሩ ነው። አላነበብኩትም አልኳት። ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች፤ ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገችልኝና በራሴ እጅ እንድጽፈው አዘዘችኝ። እዚያው መስኮቱ ላይ ተደግፌ «እኔ ረስቼ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቃል ነው፤ ላቤ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

ያበቃ መስሎኝ ብዕሬን ስከድን አንድ ጥያቄ ቀራት። እገዳው ከተወሰነ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ በእነዚህ ቀናት ችሎት ቀርቤ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ቀርቤያለሁ። ሁለት ጊዜ። በአንዱ እንዲያውም ረትቼበታለሁ። «አልቀረብኩም» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዝ ነበር። ስንት ምስክር «አጭር መልስ ስጥ» ብዬ አሠልጥኛለሁ፤ ይህች ደግሞ በጣም አጭር ናት። ቀርቤያለሁ አልኩ። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ ፊርማዬ የችሎቱ መዝገብ ላይ አለ። ግን ሌላም ነገር ነበረው፤ ያን ቀን በሁለተኛ ወረቀት ላይ ሁለተኛ ውሸት ለመፈረም አቅም አልነበረኝም።

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። ሳቁ ጠፋ። ያለ ፈቃድ መቅረብ ከክፍያው የከፋ ነገር ነው፤ ዲስፕሊን ኮሚቴ ያየዋል አለችኝ፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ እንዳለኝ፣ የአንዲት ባልቴት ጉዳይ እንደሆነ ነገርኳት። አዳመጠችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤

«እስከዚያ ችሎት አይቆሙም፤ ጽሑፍ አይጽፉም፤ ምክርም አይሰጡም። አንዱን ካደረጉ ፈቃዱ መታገዱ ቀርቶ ይሰረዛል።»

ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ለማውቃቸው ጠበቆች ስልክ ደወልኩ። አንዱ ሐሙስ ወረታ ቀጠሮ አለው። አንዱ የአደራው ጠበቃ ነው። አንዱ ለረጅም ጊዜ ስልኩን አላነሣም፤ በኋላ ትዝ ሲለኝ ስድስተኛው ተራ ላይ ያለው ነው። የሞተ ሰው ዘንድ መደወሌን ሳውቅ ስልኩን አጠፋሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። የዚያን ዕለት እራት ከፊቴ ቀርቦ ተመለሰ። በላይነሽ፣ ነገ ሄደህ ለሴትዮዋ ንገራቸው፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት አለችኝ።

ረቡዕ ወደ እማማ ዳሳሽ ልጅ ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ትርንጎ ዐረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳ፣ ከገበያው ሥር የሕፃናት ልብስ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍታለች፤ እማማ ለቀጠሮ ሲመጡ እሷ ዘንድ ነው የሚያርፉት። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አጠናሁ። «ጊዜያዊ አስተዳደራዊ ችግር» የሚል ጥሩ ሐረግ አግኝቼ ነበር። ስገባ ትርንጎ ስልኳን ይዛ ብድግ አለች። ለካስ ያ ወረቀት ሰው ፎቶ አንሥቶት ከተማውን ሲዞር ነው ያደረው፤ እሷም ለእናቷ አንብባላቸዋለች።

እማማ ከመደቡ ላይ ሆነው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አጠገባቸው በነጠላ የተቋጠረ ነገር አለ። ቀስ ብለው ፈቱትና አሳዩኝ፤ የገብስ ቆሎና ቅቅል ድንች ነው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ትርንጎ ፊቷን አዞረች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትርንጎ «ታገደ» ብላ ስታነብላቸው እሳቸው «ታሰረ» ብለው ነው የተረዱት። ማታውን ቆሎውን ቆልተው፣ ድንቹን ቀቅለው፣ ጠዋት እስር ቤት ስንቅ ሊያቀብሉኝ ተዘጋጅተዋል። በር ላይ ቆሜ ያጠናሁት ሐረግ ሁሉ ከአፌ በነነ። ጠፍቶብኝ የነበረው የምግብ ፍላጎት ተመልሶልኝ ቁጭ ብዬ ድንቹን መብላት ጀመርኩ።

እየበላሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠረጴዛውን፣ ራፖሩን፣ ኮሚቴውን። ስለ ራፖሩ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ሳያነቡ ስለመፈረም የተናገርኳቸውን እንዲረሱልኝ ለመንኳቸው። እንደረሱት ነገሩኝ፤ ግን የረሳ ሰው እንዲያ አይስቅም።

ቀጠሮው እንዲለወጥ ቢጠይቁ ይሻላል ልል ስጀምር ግን አፌን ያዝኩት። ይህ ምክር ነው። ምክር አይሰጡም ተብያለሁ። እናም፣ አትሳቁብኝ፣ ለግድግዳው መናገር ጀመርኩ። ፊቴን ወደ ተለጠፈው የጊዮርጊስ ሥዕል አዙሬ፣ አንድ ባለጉዳይ ጠበቃው ሲቀርበት ዳኛውን ተለዋጭ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል፣ ምስክር ሲቀርብበትም ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው አልኩ፤ እንደ ልማዴም እየጮኽኩ። ሰማዕቱ ታገሡኝ። እማማ ግን ቀጠሮ አልለውጥም አሉ። «ልጄ፣ ሰኔ አይቀጠርም። እኔው እናገራለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ችሎቱ ሞልቷል። ከኋላ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ቦታ ሆኜ ችሎት አይቼ አላውቅም፣ ሁሉም ነገር ሩቅ ነው። ዳኛው መዝገቡን ገልጠው የከሳሽ ጠበቃ የት አለ ብለው ጠየቁ። እማማ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ከኋላ ተቀምጧል ጌታዬ። አፉን ዘግተውበታል።»

አዳራሹ ሲያጉረመርም ወለሉ ቢከፈትልኝ ደስታዬ ነበር። ዳኛው እንደማወቅ ብለው ተለዋጭ ቀጠሮ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቋቸው፤ አልፈልግም አሉ።

አደራው ራሱ በምስክርነት ቀረበ። ጠበቃው ጥሩ አድርጎ አዘጋጅቶታል፤ እኔም እንዲያ አድርጌ ነበር የማዘጋጀው። አምስት ዓመት ሙሉ እንደ እናቱ እንደጦራቸው፣ እሳት እንዳነደደላቸው፣ ማታ ማታ አብሮ ቁጭ ብሎ እንዳጫወታቸው፣ ለደከመው ዐይናቸው ዐይን ለደከመው ጆሯቸው ጆሮ እንደሆናቸው ረጋ ብሎ ተናገረ። አንዲት ሴት ከንፈሯን ስትመጥ ሰማሁ። አግዳሚው ላይ ተቁነጠነጥኩ። የምጠይቀው ስድስት ጥያቄ ተደርድሮ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤ የማዳበሪያው ደረሰኝ የታለ፣ ወረቀቱ ሲፈረም ማን ነበረ፣ በየትኛው ቀን። የከረባቴን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎረስኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው ሕመም መስሎት ውኃ ሊያመጣልኝ ተነሣ።

ዳኛው እማማን የሚጠይቁት ካለ ይጠይቁ አሏቸው። እማማ ዱላቸውን ይዘው ወደ አደራው ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤

«አደራው፣ የማልሰማው በየትኛው ጆሮዬ ነው?»

አደራው ወደ ጠበቃው ዞረ። ጠበቃው ወረቀቱን አየ። እማማ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ቆመዋል። እኔም ከኋላ ሆኜ በልቤ፣ ግራው፣ ግራው ነው እላለሁ፤ ለማን እንደምነግረው እንጃ።

«በግራው» አለ አደራው።

«ሁለቱም ደኅና ናቸው» አሉ እማማና ወደ ዳኛው ዞሩ። «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ አንድ ማታ እንኳ ቁጭ ብሎ አጫውቶኝ ቢሆን ይህችን አያጣትም ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው ሳቁን ለማስቆም ጠረጴዛውን ቢመቱም እሳቸውም በመዝገቡ ፊታቸውን ከልለው ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ዳኛው ራሳቸው ተረከቡት፤ ወረቀቱ መቼ ተፈረመ፣ ማን ነበረ እያሉ ሲያጣድፉት አደራው መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ፊቴ ጋለ። ያን ጥያቄ ለእኔ ቢያቀርቡልኝ እኔም ወድቄያለሁ። ስምንት ወር የጮኽኩባቸው ሰው ናቸው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠብቄ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው፤ በዝግታ፣ በተራ ሰው ድምፅ። መጮህ የጠበቃ ወግ መስሏቸው ኖሯል። አንገታቸውን የሚያዘነብሉት ደግሞ ልጅ ሳሉ ከበቅሎ ወድቀው አንገታቸው ስለተጎዳ ነው።

ኮሚቴው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና መቀጫ ወሰነብኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ወደ ሰሌዳው ሳልፈልግ እየሄድኩ ቆየሁ። እገዳዬ መነሣቱ የተለጠፈ ዕለት ዘውዴ መዝገቡን ከነአቧራው አቀበለችኝ፤ በእጄ ስይዘው እንደ ጨቅላ ከበደኝ። ፍርዱ ሲነበብ ከእማማ ጎን ቆሜ ነበር፤ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የምናገረው ግን አልነበረም። ወረቀቱ ፈራሽ ሆነ፤ መሬቱ ለእማማ ተመለሰ። «ምን አሉ?» አሉኝ። ሰምተዋል፤ ግን ከሰው አፍ ደግመው ሊሰሙት ፈልገዋል። «የእርስዎ ነው አሉ» አልኳቸው። ያንን ዱላ ለቀቁትና አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ አላለቀሱም፤ ትንሽ ነው።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ጉና ወጣሁ፤ ና ብለውኝ ነው። ከገሳይ በላይ ያለውን ዳገት እያለከለክሁ ስጨርሰው ብርዱ ጥርሴን አንገጫገጨው። እማማ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝና ወደ ማሳው ወሰዱኝ። በክሱ ላይ «ለም የገብስ ማሳ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስኑትን ሰዎች ስም በቃሌ አውቃለሁ። አይቼው ግን አላውቅም። ከእግሬ በታች ያለችው የፍርድ ቤቱን ግቢ ግማሽ አታህልም። ከአንዱ ዳር ቆሜ ሌላው ዳር ያሉትን ሰው ሳልጮኽ ማናገር እችላለሁ። ገደላማ ናት፤ ግማሽዋ ድንጋይ ነው።

«ይህች ናት?» አልኳቸው።

«ይህች ናት» አሉኝ።

ደመናው ከጉና አናት ላይ እየወረደ ነው። አራሹ ከሰዓት ጥማዱን ይዞ ይመጣል። እማማ ጎንበስ አሉና አንድ ድንጋይ አንሥተው ከዳር ወረወሩ። ሌላ አነሡ። ትንሽ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ኮቴን አውልቄ ቁጥቋጦ ላይ ሰቀልኩና በሌላኛው ጫፍ ጀመርኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ወገቤ እስኪገነጠል ስለቅም ቆይቼ ቀና ስል፣ እማማ መሐል ላይ ግማሹ የተቀበረ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ቆመው በእጃቸው ይጠሩኛል።

«ና ልጄ፣ ይህችን ለሁለት እናንሣት።»